ከአየር ላይ ያልታየችው የፋጡማ ቤት

ሰኞ

ለሚመለከተው ሁሉ። ዛሬ ረፋድ ላይ የጎረቤቴ የፋጡማ ፍየል የቀኝ ጫማዬን ማሰሪያ በልታ አጠናቃለች። ሟች ማሰሪያ ከንጹሕ ቆዳ የተሠራ ሲሆን ከወደብ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ በታማኝነት ሲያገለግለኝ ቆይቷል። ቀብሩ አጥሩ ጥግ ተፈጽሟል። ገዳይዋ ከለቀስተኞች ጋር ቆማ ስታኝክ ነበር።

ይህን የምጽፈው አልማዝ እንድታነበው ነው። አልማዝ የልጅ ልጄ ናት፤ አስተማሪ ናት፤ አብራኝ ትኖራለች። አቧራ እጠርጋለሁ እያለች ደብተሬን ታነባለች። አልማዝዬ፣ ጫማ ያስፈልገኛል። ሻዩም ስኳር ያንሰዋል።

ሌላ ወሬ። ከማዘጋጃ ቤት ሰዎች በላንድሮቨር መጡ። ቀያሾች ናቸው። ከተማችን ከአውሮፕላን ላይ ፎቶ ተነሥታለች አሉ፤ አዲስ ካርታ እየተሠራላት ነው፤ እየዞሩ በየበሩ ላይ ቁጥር በቀይ ቀለም ይጽፋሉ። እኔ በር ላይ ጻፉ። ፋጡማ በር ላይ አልጻፉም። መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ።

ፋጡማ የበይሉል መንደር ልጅ ናት። ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ቤቱን በገዛ እጁ ሠርቶላት ሞተ። እሷ ሰሌን ትሠራለች። በእሷና በእኔ ቤት መካከል ጠባብ መተላለፊያ አለ። ከእሷ ጣሪያ እስከ እኔ ጣሪያ ሰሌን ዘርግተንበታል፤ በመንገዱ በኩልም ጋርደነዋል። በአሰብ ሐምሌ ቤት ውስጥ መቀመጥ ያለበት ዳቦ ብቻ ነው፤ እሱም እስኪበስል። እኔ በአንዱ ጫፍ አልጋዬ ላይ እጋደማለሁ፣ እሷ በሌላው ጫፍ ትሠራለች፣ ቀኑን ሙሉ እንሰዳደባለን። ከዚህ የተሻለ ጡረታ አላውቅም።

«ለእኔ ለምን አልጻፉልኝም?» አለችኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ተከራዬ ስለሆንሽ ነው። ኪራይሽን በተጠበሰ ዓሣ ትከፍያለሽ።»

የሰሌን ጥቅል ወረወረችብኝ። አልሳተችም። ደክሞኛል። ደረቴን ትንሽ ይወጋኛል። የጥቅሉ ምት ነው።

ማክሰኞ

ጫማዬን በዓሣ መረብ ክር አስሬ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ክሩን የሰጠችኝ ፋጡማ ናት። እየሰጠችኝ፣ «ፍየሌ ቅጠል እንኳ መርጣ ነው የምትበላው፤ ያንተን ጫማ ምን ብላ ነካችው?» አለች። ጣዕም አታውቅም ብዬ ተገላገልኩ።

ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ጣሪያው ላይ የሚሽከረከር ማራገቢያ አለ። ሰው አያቀዘቅዝም፤ ወረቀት ያበርራል። ስለዚህ በየወረቀቱ ላይ ድንጋይ ጭነውበታል። ቆሜ ጠበቅኩ፣ ተቀምጬ ጠበቅኩ፣ ግድግዳ ተደግፌ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ሙሉጌታ የሚባል ቀያሽ አስገባኝ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ትሑት ነው፤ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

ሥራውን አሳየኝ። ከታች የአውሮፕላኑ ፎቶ አለ። በላዩ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሚያሳልፍ ወረቀት ያነጥፋል፤ በዚያ ላይ ጣሪያ ብቻ ይሥላል። በላዩ ሌላ ልጣጭ፤ በዚህኛው መንገድና የውሃ ቧንቧ ብቻ። በላዩ ደግሞ ሌላ፤ የቤት ቁጥርና የባለይዞታ ስም ብቻ። አራቱም ማዕዘን ላይ በመርፌ ይያያዛሉ። ከላይ ስታይ ከተማው በሙሉ አንድ ላይ ይመጣል። አንዱን ልጣጭ ስታነሣ ስማችን ሁሉ ይጠፋና ጣሪያችን ብቻ ይቀራል። ደስ አላለኝም፤ ግን ያምራል።

«አባባ፣ ውጭ አገር አሁን ይሄ ሁሉ ኮምፒዩተር ውስጥ እየገባ ነው አሉ» አለኝ። «ቤቱን ሲነኩት የባለቤቱ ስም ብቅ ይላል።»

«የእኔን ሲነኩት ምን ብቅ ይላል?»

«ስምዎ ነዋ።»

«በዚያ ሰዓት ተኝቼ ከሆነስ?»

ሳቀ። ከዚያ ቤቴን ፈልጎ አገኘልኝ። ሳቁ እዚያ ላይ አለቀ።

ከላይ ሲታይ የእኔ ቤት፣ ሰሌናችንና የፋጡማ ቤት አንድ ረጅም ጣሪያ ሆነዋል። አንድ ጣሪያ፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ባለይዞታ። ባለይዞታው እኔ ነኝ። በዚህ ዘመን ሰፊ ቤት አለው መባል የሚያስቅ ነገር አይደለም።

በአውሮፕላኑ አልፈርድም። ወደብ ላይ ክሬን ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ከፍታ የተኛ ወዛደር ጆንያ መስሎኝ ላነሣው የደረስኩበት ቀን አለ። ከላይ ለሚያይ ሰው ነገር ሁሉ ጭነት ነው።

«መተላለፊያ ነው» አልኩት።

«አባባ፣ ከታች ቆመው ሰማይ ይታይዎታል?»

«በሰሌን ሸፍነነዋል እኮ።»

«በእኛ አሠራር ሰማይ የማይታይበት ቦታ ቤት ነው።» የእሱ ጥፋት አይደለም። ደንቡን የጻፉት ሌሎች ናቸው። ሰሌኑ ተነሥቶ መተላለፊያውን ግልጥ ሆኖ ካየሁት አስተካክላለሁ፣ ግን ቀበሌው መፈረም አለበት፣ ወረቀቶቹም ቅዳሜ ለኅትመት ወደ አዲስ አበባ ይጫናሉ አለኝ።

ከዚያ ቀበሌ። ሊቀመንበሩ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመ ሰው ነው። በድካም ከእኔም ይብሳል።

«ጓድ ደምሴ፣ በካርታው መሠረት ትርፍ ክፍሎች አሉዎት። እዚህ ተመድበው የመጡ ሠራተኞች ቤት አጥተው ሆቴል በረንዳ ላይ ያድራሉ።»

«ክፍሎቹ የፋጡማ ናቸው።»

«ፋጡማ ካርታው ላይ የለችም።»

«አጠገቤ ቁጭ ብላ ሰሌን ትሠራለች።»

«ካርታው ላይ ግን የለችም።» ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «ቀያሹ መጥቶ መተላለፊያውን ካረጋገጠ እፈርማለሁ። ካላረጋገጠ ሰኞ ክፍሎቹን ለቤት ጠያቂዎች እንመድባለን።»

ቤት ስገባ ፋጡማ፣ «አከራዬ መጣህ፣ ኪራይ ልትጠይቅ ነው?» አለችኝ። ስቄ ገባሁ። አልነገርኳትም። እራት አልበላሁም። ዓሣው አጥንት በዛበት።

ረቡዕ

ነገርኳት። በቀልድ ጠቅልዬ ልሰጣት ፈልጌ ነበር፤ ቀልዱ አልመጣ አለኝ። ባዶውን ነገርኳት።

ፋጡማ የምትሠራውን ሰሌን ከጭኗ ላይ አወረደች። ከዚያ፣ «ድንጋዩን ባሌ ከባሕሩ ዳር በአህያ ነው ያመጣው። አህያዋም ሞተች፣ እሱም ሞተ። አሁን ደግሞ እኔ የለሁም ማለት ነው?» አለች። ቀጥላም፣ «ምን ትቀመጣለህ፣ መሰላሉን አምጣ።»

ሐኪሙ የከለከለኝ፦ መሮጥ፣ ፀሐይ፣ መሰላል፣ ጨው።
ያልከለከለኝ፦ ማዘዝ።

ስለዚህ አልጋዬ ላይ ሆኜ አዘዝኩ። አልማዝ መሰላሉን ያዘች፣ ፋጡማ ወጣች። «በግራ ፍቺው» ስል በቀኝ ትፈታለች። «ቀስ» ስል ትቆርጣለች። አልማዝ ከታች ሆና፣ «አባባ፣ ከዚህ በላይ ከተናገርክ አንተንም ከሰሌኑ ጋር ጠቅልለን እናስቀምጥሃለን» ትላለች። አስተማሪ ስላደረግናት ነው።

ሰሌኑ ወረደ። ያ ሁሉ ፀሐይ አንድ ጊዜ ገባ። ጥላ ውስጥ ያልታየው ሁሉ ታየ፤ የጠፋው ቢላዬ፣ የጥርስ መፋቂያዎቼ፣ የፍየሏ ንብረት። አልጋዬ ልብሱን እንደገፈፉት ሰው ሆነ። እየጎተትን ወደ ቤት አስገባነው።

በስተርጅና ሰማይ በዛብኝ።

ሐሙስ

ማንም አልመጣም።

እኔ በሬ ላይ፣ ፋጡማ በሯ ላይ። ፀሐይዋ በመካከላችን እንደ ዘብ ቆማለች። ለመሰዳደብ መጮህ ያስፈልጋል፤ ለመጮህ ደግሞ ጉልበት ያስፈልጋል። ጠዋት ላይ ሁለት ሦስት ስድብ ተለዋወጥን። ከዚያ ተውነው። ነፋሱ አሸዋውን እያመጣ አፋችን ውስጥ ይጨምራል።

አልማዝ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ተመለሰች። ሙሉጌታ ካምፖ ሱዳን ሰፈር ሥራ ላይ ነው፣ ነገ ይመጣል ብለዋታል። የመሥሪያ ቤት ነገ ምን ያህል እንደሚረዝም ጡረተኛ ያውቃል።

ወደ ማታ አልማዝ በሳህን የተጠበሰ ዓሣ ይዛ ገባች። «ፋጡማ ናት። ኪራይ ነው በይው አለችኝ።»

ቀልዴን መልሳ ላከችልኝ። ሰኞ ዕለት እንዴት ያለ ደረቅ ነገር እንደተናገርኩ ያን ጊዜ በአፌ ውስጥ አወቅሁት። ግማሹን በላሁ። ሳህኑን ባዶ መመለስ ነውር ስለሆነ ስኳር አድርጌ ላክሁላት። አልማዝዬ፣ ስኳሩ የት ሄደ ብለሽ እንዳትጠይቂ።

ዓርብ

መጣ።

ላንድሮቨሩ ቤንዚን ስላጣ ሙሉጌታ በእግሩ ነው የመጣው። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ፋጡማ ከጸሎት መመለሷ ነበር፤ ወረቀቱን ከመዘርጋቱ በፊት ውሃ አጠጣችው፣ ደገመችው። መተላለፊያው መሐል ቆመ። አንገቱን ቀና አደረገ። ሁላችንም ቀና አደረግን። ሰማዩ ነበረ። ደመና እንኳ የለበትም።

«መተላለፊያ ነው» አለ።

ሜትሩን አልማዝ በአንድ ጫፍ ያዘችለት። ለካ። ያን ስስ ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ረጅሙን ጣሪያ በቀይ እርሳስ ለሁለት ከፈለው። ትንሽ መስመር ናት። ፀጉር ታክላለች። ፋጡማ አጎንብሳ አየቻትና፣ «እኔ በየትኛው በኩል ነኝ?» አለችው። አሳያት። ጣቷን እዚያ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። የጣቷ ላብ ወረቀቱን እንዳይነካው ብሎ ቀስ አድርጎ አነሣላት።

«ቁጥሩ ለአቶ ደምሴ ስለተሰጠ እሳቸው ‹ሀ› ይሆናሉ፣ እርስዎ ‹ለ›» አላት።

«ማን ቀድሞ እዚህ መጣ?» አለች ፋጡማ።

«እሷ» አልኩ።

«ታዲያ ምነው እኔ ከኋላ?»

ሙሉጌታ ወደ እኔ አየ። «ስጣት ልጄ። ‹ለ› ብሆን ምን ይጎድለኛል? ከአልጋዬ አልወርድ።» ‹ሀ›ን ለሷ ጻፈላት። ከዚያ ትክ ብሎ አይቶኝ፣ «አባባ፣ እርስዎን ሰኞ ዕለት በመኪናው መስታወት...» ሲል ቶሎ ብዬ ሌላ ውሃ አቀበልኩት። ጠጣ። የተማረ ልጅ ነው፤ ገባው።

ሲሄድ፣ «ሰሌኑን መልሳችሁ ትሰቅሉታላችሁ?» አለን።

«አውሮፕላኑ ሲመጣ አስቀድሞ ሰው ይላክብን፤ እናወርደዋለን» አልኩት።

ቅዳሜ

ሊቀመንበሩ ፈረመ። አንዴ ቀና ብሎ፣ «ጓድ ደምሴ፣ እንግዲህ ሰፊ ቤትዎ ቀረ» አለኝ። እሱም ቀልድ ያውቃል ለካ። አንዲት ቀልድ ነበረችው፤ ለእኔ አወጣት።

ወረቀቶቹ በጭነት መኪና ሄዱ። ሾፌሩን አልማዝ ታውቀዋለች፤ ጥቅሉን ከጆንያ በታች እንዳያደርገው ለምናዋለች። አዲስ አበባ ያሉት አታሚዎች የእርሳሷን መስመር ያዩአት ይሆን፣ ወይስ እድፍ ናት ብለው ይጠርጓት ይሆን፣ ማንም አያውቅም። ሙሉጌታም አያውቅም። «በእኔ በኩል ያለውን ጨርሻለሁ» አለ። ማታ ግን የፋጡማ በር ላይ ቁጥሩ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ከጎኑ ትልቅ ‹ሀ› አለ። ቀለሙ እስኪደርቅ በሩ ሥር ቁጭ ብላ ፍየሏን ስትከላከል አመሸች።

ሰሌኑም ተመልሷል። ፋጡማ መሐሉን ቀድዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት ትታለታለች። ለአውሮፕላኑ ነው። በዚያ ክፍተት አንዲት የፀሐይ መስመር ትገባለች፤ ቀኑን ሙሉ ከእሷ ወገን ወደ እኔ ወገን ትሄዳለች። እኔ ጋ ስትደርስ አልጋዬን ገፋ አደርጋለሁ። ፋጡማ «ድንበር አልፈሃል» ትለኛለች። «ለአዲስ አበባ ጻፊ» እላታለሁ። ዛሬ ከቀትር በኋላ ትንሽ ተኛሁ።

አልማዝዬ፣ ይህን ስታነቢ አትቆጪ። በዚህ ደብተር ውስጥ አንድ ነገር ፈጥሬአለሁ። ፍየሏ ማሰሪያዬን አልበላችም። ሰኞ ዕለት ላንድሮቨሩ ሲነሣ የፋጡማ በር ባዶ መሆኑን አየሁ። በዚህ አገር በሩ ላይ ቁጥር የሌለው ቤት ነገ ምን እንደሚሆን ያን ጊዜውኑ ገብቶኝ ነበር። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ተከራዬ ነሽ ያልኳት። ከመኪናው ኋላ ሮጥኩ፤ እስከ መስጊዱ ማዕዘን ድረስ፣ «ቁሙ፣ አንድ ቤት ረሳችሁ» እያልኩ። ማሰሪያው እዚያ ተበጠሰ። እኔም ልበጠስ ትንሽ ነበር የቀረኝ፤ ደረቴን የወጋኝ የሰሌን ጥቅል አልነበረም።

ለሐኪሙ አትንገሪ። ለፋጡማም አትንገሪ፤ እውነተኛ ኪራይ መክፈል ትጀምራለች። ፍየሏን እኔ ራሴ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።