ጋሼ ተሰማን ከመሪው ያነሳሁበት ቀን

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ዛሬ ጋሼ ተሰማን በእንግዶች ፊት አዋረድኳቸው።

ጀልባ መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ድሮ ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል አገልግለዋል። ጀልባዋ የእኔ ብትሆንም፣ ከማሪና ዴል ሬይ ወደብ እስከ ማሊቡ የባሕር ዳርቻውን እንግዳ ስናስጎበኝ መሪውን የሚይዙት ጋሼ ነበሩ። ዓይናቸው መድከሙን ካወቅኩ ወር አልፎኛል። ለብቻቸው ልነግራቸው እችል ነበር።

ጠዋት ከሐበሾቹ ሰፈር ከፌርፋክስ የመጡ ስድስት ሚዜዎች ይዘን ወጣን። ሁሉም እሳቸውን "ካፒቴን" እያሉ አብረዋቸው ፎቶ ይነሳሉ፤ እኔን ውሃ አምጣ ይሉኛል። ከወደቡ እንደወጣን ጋሼ በቀጥታ ወደ ቀዩ ተንሳፋፊ ምልክት ነዱ። መሪውን ነጥቄ አዞርኩት።

"ጸሐይዋ ናት" አሉ ቀስ ብለው።

ሁለት ጣቴን ፊታቸው ላይ አነሳሁ። "ስንት ነው፣ ጋሼ?"

"ተው እንጂ።"

"ይንገሩን፤ ሰዎቹም ይስሙ።"

"ሦስት።"

እንግዶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እውነቱን ልጻፍና ደስ አለኝ። ጋሼ ወደ ኋላ ሄደው ቦርሳዎቹ መሀል ተቀመጡ።

ጀልባዋን ወደቡ ላይ አስረን እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ ጋሼን ላወርዳቸው እጄን ዘረጋሁ። አልያዙኝም። የጀልባዋን መደገፊያ ብረት እየዳበሱ ብቻቸውን ወረዱ። ከዚያ ዞሩና፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "አንተ" ሲሉኝ የኖሩት ሰው፣ "ደህና ይዋሉ፣ ካፒቴን" አሉኝ።