ስለ ጡት አያያዝ ሲያስተምሩ የኖሩት የእማማ ትራስ የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም እማማ ትራስ እያልን የምንጠራቸው እህታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት አንድ ክፍል ስትሆን፣ ግማሹን የአባታቸው የስፌት መኪና ይዞት ነበር። እህታችን ገና ልጅ ሳሉ የእናታቸው የጡት ጫፍ ተሰነጣጥቆ እየደማ፣ የመጨረሻው ሕፃን በረኀብ ከስቶ ሞተ። ጎረቤቱ ሁሉ «ወተቷ ውሃ ነው» ብሎ በእናታቸው ላይ ፈረደ። እህታችን ይህን ፍርድ ዕድሜ ልካቸውን ይቅር አላሉም።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው በ1969 ዓ.ም. በአዋላጅ ነርስነት ተመረቁ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስም በአንድ ሆስፒታል የወላዶች ክፍል አገለገሉ። የክፍሉ አልጋዎች የተጠጋጉ፣ ወንበሮቹም መደገፊያ የሌላቸው ስለነበሩ፣ ከቤታቸው ትራስ በብብታቸው ሸጉጠው ይመላለሱ ነበር፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚያ መጣ።

አራስ ሲያዩ መጀመሪያ የሚያዩት ጡቷን ሳይሆን ጀርባዋን ነበር። ትራሱን ከወገቧ ያስደግፋሉ፤ እግሯ ከተንጠለጠለ የተደፋ ሳፋ ከሥሩ ያስገባሉ። ቀጥለው የሕፃኑን ሆድ ከእናቱ ሆድ አጣብቀው፣ አራት ጣቶቿን ከጡቷ ሥር፣ አውራ ጣቷን ከላይ፣ ከጥቁሩ ክብ ራቅ አድርገው ያስይዟታል። ጡቷ ከባድ ከሆነ ፎጣ ጠቅልለው ከሥሩ ይሸጉጣሉ። ሕፃኑ አፉን በሰፊው ሲከፍት «ጡቱን ወደ ልጁ አትጎትቺ፤ ልጁን ወደ ጡቱ አምጪው!» ይላሉ። ጥርሷን ነክሳ ሕመሙን የምትችል እናት ካገኙ ደግሞ ቁጣቸው አይጣል ነው። «ለመቻልሽ ሜዳሊያ የሚሰጥሽ የለም! ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂውና እንደገና ጀምሪ» ይሏታል።

በ1975 ዓ.ም. ከአንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ትዳር መሠረቱ፤ ብዙ ከጠበቁ በኋላም በ1982 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው አርፈዋል። እህታችን ምሳ ላይም ቢሆን ስለ ጡት ማውራት ስለማይተዉ፣ ልጃቸው በኀፍረት ጆሮዋን ይዛ ከገበታው ትነሣ ነበር። አድጋ ስታረግዝም «እናቴ እያለች እኔን ምን አስጨነቀኝ» አለች። እናትየውም ከዚያ ወዲህ የኖሩት ልጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስታጠባ ለማየት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ልጃቸው ልትወልድ ጥቂት ሲቀራት፣ በ2017 ዓ.ም. ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ፤ አንደበታቸው ተያዘ፤ መጻፍም አልሆነላቸውም። ሕፃኗ ተወልዳ እናቷ ከአልጋቸው አጠገብ ስታጠባት፣ የሕፃኗ አንገት ተጣሞ የጡቱን ጫፍ ብቻ ይዛ ተንጠልጥላ ነበር። የልጃቸው እንባ በሕፃኗ ላይ ይወርዳል። እህታችን ግራ እጃቸውን አነሡ፤ አራት ጣታቸውን ከታች፣ አውራ ጣታቸውን ከላይ አድርገው ያሳዩ ጀመር። እኛ ታናናሾቻቸው ውሃ የጠማቸው መስሎን ብርጭቆ አቀረብንላቸው። ወደ ልጃቸው ጀርባ ሲጠቁሙ ንፋስ ገባ ማለታቸው ነው ብለን መስኮቱን ዘጋን። እጃቸውን ወደ ሆዳቸው ሲሰበስቡ ጊዜ ደግሞ ሕፃኗን ከጡት ነጥለን አሳቀፍናቸው። አለቀሱ። የደስታ ነው ተባባልን።

በየቀኑ ያሳዩን ነበር፤ በየቀኑም ውሃ እናቀርብ ነበር። በኋላ የሥራ ባልደረባቸው የነበሩ ጡረተኛ አዋላጅ ሊጠይቋቸው ሲመጡ፣ ገና ከበሩ ሳያልፉ «እናንተ ሰዎች፣ የጡት አያያዝ እያሳየቻችሁ እኮ ነው!» አሉ። ነገሩ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። የልጃቸው ጡት ቆስሎ፣ ወተቷ ደርቆ፣ ሕፃኗም ጡጦ ለምዳ ነበር። ባልደረባቸው ጀርባዋን ደግፈው፣ ፎጣ ጠቅልለው፣ እንደ ደንቡ አስይዘው ሞከሩ፤ ሕፃኗ ፊቷን አዞረች። እህታችን ይህን ሁሉ ከአልጋቸው ሆነው አዩ። ከዚያ ወዲያ እጃቸውን አላነሡም።

ሕመማቸው ጠንቶባቸው ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ከኋላቸው አንዲት ልጃቸው፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውና እኛ ታናናሾቻቸው ቀርተናል። ልጃቸውን አጽናኑልን እንዳንላችሁ እኛም ሞክረን አልሆነልንም። ውላ አድራ የምትጠይቀን አንድ ነገር ነው፤ እናቷ በዚያ እጃቸው ሌላ ምን ይሉን እንደነበር።

ሳይነገረው የሚረዳ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።