ጭቃው ሳይደርቅ

ነሐሴ 28፣ ጠዋት
ዛሬም ጉም። ገብስ ከምጠብቅበት ማማ ላይ የገደሉ ጫፍ አይታየኝም። ዝንጀሮዎቹ ግን ያዩኛል። ገብሳችን ማሸት መጀመሩን ከኛ ቀድመው አወቁ። ዝንጀሮ ሴት አይፈራም ስለሚባል አባ ኮታቸውን አልብሰውኛል፣ ባርኔጣቸውንም ጨምረው።

አክስቴ ዘይነባ ከደሴ ደወለች። መንገዱ ሲደርቅ መኪና ልካ ልትወስደኝ ነው፣ ሱቅ እንዳግዛት። አባ እሺ አሉ። እኔን የጠየቀ የለም። ቢጠይቁኝም እሺ ነበር የምለው። አምና ሰባተኛ ክፍል ቆመሽ አንብቢ ስባል ድምፄ ጠፋ፤ ልጆቹ ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያ ት/ቤት አልሄድኩም። ደሴ ማንም አያውቀኝም። ምናለ ክረምቱ ቶሎ በወጣ!

ጳጉሜ 2
ቀኑን ሙሉ ካፊያ። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ፣ በእጄ ቆፍሬ አወጣሁት።

ጎረቤታችን አያ ደምሴ ከታችኛው ማሳ ባቄላቸውን ይጠብቃሉ። ኮቱን አይተው ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ኮቱስ ወንድ ነው፤ ድምፅሽን የት አደረግሽው? ዝንጀሮ እንደሆን ልብስ አይመረምር!» ባርኔጣውን ወደ ዓይኔ ሳብኩት።

ከሰዓት አንድ ትልቅ ዝንጀሮ ከአጥሩ ማዶ ቁጭ አለ። ድንጋይ ወረወርኩ፣ አልደረሰም። ዝም ብሎ አየኝ። አፈርኩ። ዝንጀሮ ፊት!

መስከረም 3፣ ማታ
ክንዴ ዝሏል፣ ባጭሩ ልጻፍ። ጠዋት መንጋው በጉም ተከልሎ ገባ። ስነቃ የዳሩ ገብስ እየተላጨ ነው። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። ሁለተኛ ሞከርኩ። «አያ ደምሴ! ድረሱ! ገቡ!» ገደሉ መልሶ ጮኸ። እሳቸው ከታች፣ እኔ ከላይ፣ ድንጋይ እያዘነብን አባረርናቸው።

አባ መጥተው የተበላውን ዞረው አዩ። አልተቆጡም። የተረፈውን አላህ ይባርከው አሉ።

ጉሮሮዬ ያመኛል። ደስ ብሎኛል።

መስከረም 7
ክረምት ይውጣ ይውጣ ስል አወጣጡን አላየሁትም ነበር። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ዓይኔን አልነቅልም። ጉሙ ቀትር ሳይጠብቅ ይነሳል። የወንዛችን ዳር ጠርቶ ድንጋዩ ይታያል፤ መሐሉ ገና ድፍርስ ነው። አደይ የወጣው ፀሐይ በሚመታው ጎን ብቻ። የገብሱ ጢም ቢጫ፣ አገዳው አረንጓዴ። ጭቃው ቅርፊት አበጅቷል፤ ስረግጠው ግን አሁንም ይሰምጣል።

ክረምትም አይደል፣ በጋም አይደል። እንዲህ ያለ ጊዜ እንዳለ አላውቅም ነበር። አሥራ አምስት ዓመት እዚሁ ኖሬ!

ቅርፊቱ ሲጠና ግን መንገዱም ይደርቃል። መኪናው ሊመጣ ነው።

መስከረም 10፣ ከምሳ በኋላ
አክስቴ ደወለች። መንገዱ ተከፍቷል፣ መኪናው ሐሙስ ቅርባችን ያለው ከተማ መካነ ሰላም ይገባል። እማ ልብሴን ማጠፍ ጀመረች። አባ ሊመርቁኝ እጃቸውን ዘረጉ።

አባ፣ አልሄድም አልኩ።

እማ ቀሚሴን እንደያዘች ቆመች። አባ እጃቸውን ሳያወርዱ፣ ምን አልሽ ልጄ አሉኝ። ደገምኩት። ገብሱ እስኪታጨድ ጠዋት ጠዋት ማማ ላይ ነኝ፣ ከሰዓት ት/ቤት። ሰባተኛን እንደገና እጀምራለሁ። ቆመሽ አንብቢ ካሉኝም እቆማለሁ። ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ተናገርኩት።

አባ እጃቸውን አወረዱ። ኋላ፣ ለአክስትሽ ምን ብዬ ልንገራት፣ እሺ ብያት የለም ወይ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቃላቸው ነው የሚታጠፈው። እኔ እነግራታለሁ አልኳቸው። ስልኩን ሰጡኝ።

ኔትወርክ የማይቆራረጠው ጉብታው ላይ ነው። አሁን እወጣለሁ። አክስቴ ትቆጣ ይሆናል። ድምፄም ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ይንቀጥቀጥ። መንቀጥቀጡንም ትስማው፣ እምቢታዬንም ትስማው።