ሬዲዮ የመረጠው ሊቀ መንበር

ሐሙስ፣ ሰኔ 19 ቀን 1978፤ ሽንፋ

ዛሬ ምርጫ አልተደረገም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ማታ ሬዲዮው ተደርጓል ስላለ ነው።

የገበሬዎቹ አገልግሎት ማኅበር ሊቀ መንበሩን ሊመርጥ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ራኩባ በሚባለው የሣር ዳስ ሥር ተሰበሰበ። የራኩባው ሣር ያፈሳል፤ ግማሹ ሰው ጆንያ ተከናንቦ ነው የቆመው። ወንዙ ሞላ። ካድሬው ጓድ ተስፋሁን ከነመኪናው ማዶ ቀረ። የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ በመሆኔ አስመራጩ እኔ ነኝ፤ ማኅተሙ ግን እሱ ዘንድ ነው። እስከ ቀትር ጠብቀን ተበተንን።

ማታ ሻይ ቤት ስገባ ዜና ይሰማል። የሽንፋ ገበሬዎች ዛሬ ባደረጉት ደማቅ ስብሰባ ጓድ ዋሴን በሙሉ ድምፅ መረጡ። የሬዲዮው ጋዜጠኛ በሳምንቱ መጀመሪያ መጥቶ ነበር። ለካ ዜናውን ጽፎ ጨርሶ ነው የሄደው! ባሻ ዋሴ ራሱ ጥግ ላይ ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

«ባሻ፣ መቼ ነው የመረጥንዎ?» አለ አንዱ።

«እኔን አትጠይቁኝ፤ ከናንተ እኩል ነው የሰማሁት።»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። እኔ አልሳቅሁም። ሻዬንም ሳልጠጣ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ወንዙ ጎደለ፤ ተስፋሁን ተሻገረ። ጫማው ጭቃ ሲነካ አገሩን በሙሉ የሚወቅስ ወጣት ነው።

«ምርጫውን መቼ እናድርገው?» አልኩት።

«የምን ምርጫ? በሬዲዮ ተነግሮ የለ እንዴ፣ ጋሽ መኮንን።»

«ሰው አልመረጠም።»

«ታዲያ ሬዲዮውን ውሸታም ልናደርገው ነው?» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዶሴዎ እንደሆነ ወፍሯል። አያወፍሩት።»

ዶሴዬ የወፈረው ያልታረሰ መሬት ታርሷል ብዬ አልፈርምም በማለቴ ነው። ወደዚህ ቆላ ያወረደኝም ይኸው ዶሴ ነው። ሲያስፈራሩኝ የባሰ እልከኛ እንደምሆን ዶሴው ውስጥ አልተጻፈም መሰለኝ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ማኅበሩ ያለው ትራክተር አንድ ነው፤ ማን ቀድሞ እንደሚያርስ የሚወስነው ሊቀ መንበሩ ነው። አምና ትራክተሩ ነጋዴዎቹ በዘመድ አዝማድ ስም የያዙትን መሬት ሲገለብጥ ከርሞ፣ ገበሬው ጋ ሲደርስ የሰሊጥ መዝሪያው አልፎ ነበር። ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ደጋ ለልመና የወጡ ነበሩ። ዘንድሮም ነጋዴዎቹ ባሻ ዋሴን ይፈልጋሉ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እንቢ ማለት አያውቅም። ገበሬው የሚፈልገው ከመካከሉ አንዱን፣ አዱኛን ነው። አዱኛ ደግሞ ከእንቢ ሌላ ቃል የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ከእኔ ጋር ስንት ጊዜ ተጣልተናል። ነጋዴዎቹ ማኅበር የላቸውም፤ ፍየል ግን አላቸው። ፍየሎቻቸውም የካድሬውን ግቢ ለይተው ያውቁታል።

ለሬዲዮ ጣቢያው የሚላክ አቤቱታ ጻፍኩና እንዲያስፈርሙልኝ ለእትዬ ደብሬ ሰጠኋቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ራሳቸው የሚያርሱ፣ የሴቶች ማኅበሩ ሰብሳቢ ናቸው። ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው አይተው መለሱልኝ።

«ለሬዲዮ ደብዳቤ? ሬዲዮ ሲናገር እንጂ ሲሰማ አይተው ያውቃሉ?»

«ታዲያ ዝም እንበል?»

«ማን ዝም አለ? እኛስ የሬዲዮውን ቃል ልናከብር ነው» ብለውኝ ሄዱ። ተናደድኩ። እነሱም ተስፋ ቆረጡ ብዬ ሳልተኛ አደርኩ ማለት ይቻላል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ማርያም ናት፤ እርሻ የለም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሰው ጎርፍ ወደ ባሻ ዋሴ ግቢ ሲሄድ አይቼ ተከተልኩ።

እልልታ ነው። እንኳን ደስ ያለዎ ነው። ቀጥሎ ጥያቄ ነው። አንዱ ናፍጣ ይላል። አንዷ ከሱቁ ስኳር ከጠፋ ከረመ ትላለች። የጉድጓዱ ፓምፕ ተሰብሯል፣ የወፍጮው ቀበቶ ተበጥሷል፣ የቀበሌው ኮርማ የሰው ማሽላ በላ። ከወሎና ከጎጃም ለአረም የወረዱት ሳሉጎች እንኳ፣ ድምፅ የሌላቸው የቀን ሠራተኞች፣ የወባ ክኒን ሊጠይቁ ተሰልፈዋል።

«አልተመረጥኩም!» ይላል ባሻ ዋሴ። «ቁልፍ የለኝም! ናፍጣ ከየት ላምጣ?»

እትዬ ደብሬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ኧረ ባሻ! ሬዲዮ ይዋሻል እያሉ ነው? ይሄ እኮ ያሳስራል!»



እኔ ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። ቀልድ መሬት አያርስም። ዝናቡ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም።

እሑድ፣ ሰኔ 22

ዛሬም ግቢው ሞልቶ ዋለ። እራት ላይ እያለሁ ባሻ ዋሴ በጓሮ በኩል መጣ፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

«ጌታዬ፣ ምርጫ አድርጉልኝ።»

«እርስዎ ተመርጠው የለ?» አልኩት። ክፋቴ ነው፤ ግን ደስ አለኝ።

«በእመቤቴ ይተዉኝ! ሚስቴ ወደ እናቷ ልትሄድ ነው። ምሳ እንኳ አልበላሁ። ትናንት አንዲት ሴትዮ ባሌን ምከርልኝ ብላ ይዛው መጣች። ሊቀ መንበር ይህን ሁሉ ይሠራል?»

«ነጋዴዎቹስ?»

«እነሱ ምን ተሸከሙ! የሚሸከመው ገላ የኔ ነው።»

ቁራሽ በላልኝ፤ አንድ ነገር መከርኩት። ነገ ሰዎቹን በሙሉ ይዘው ካስመረጠዎ ሰው ቢሮ ይሂዱ አልኩት።

ከሄደ በኋላ ሳስብ ቆየሁ። ከድንበሩ ማዶ የሚመጣው ሱዳናዊ የሳሙና ነጋዴ ወሬ ሲጀምር አያቆምም። አምና በአገሩ ሐኪሙም ጠበቃውም የባቡር ሠራተኛውም በየማኅበሩ ሥራ አቁሞ መሪያቸውን አወረዱት፤ ዘንድሮ ደግሞ ድምፅ ሰጡ። ጋዜጦቻችን በየቀኑ ይሰዳደባሉ ይላል፣ እንደ መልካም ነገር በኩራት። ድሮ ዩኒቨርሲቲ ያነበብናቸው መጻሕፍት ጋዜጣ ሕዝቡ የሚፈልገውን ለመንግሥት ይነግራል ይሉ ነበር። እኛ ጋ ለሕዝቡ ምን እንደፈለገ ይነግረዋል። ማኅበሮቻችንም ሁሉ ከላይ የተሰፉ ናቸው፤ የሴቶች ማኅበሩም ጭምር። እትዬ ደብሬ ግን የተሰፋውን ልብስ ገልብጠው ለበሱት። አቤቱታዬን ቀደድኩት። ጥሩ አቤቱታ ነበር።

ሰኞ፣ ሰኔ 23

ባሻ ዋሴ አደረገው! ሰዉን ሁሉ አስከትሎ የካድሬው ቢሮ ደጃፍ ደረሰ። «ጥያቄያችሁን ላስመረጠኝ ሰው ንገሩ» ብሎ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። የተሰበረው ፓምፕ፣ ኮርማው፣ የወባው ክኒን፣ ሁሉም ተስፋሁን ላይ ወረደ። ማንም አልጮኸ፤ ማንም አልተሳደበ። «ሬዲዮው እንዳለው» እያሉ ብቻ በትሕትና ይጠይቃሉ።

ከምሳ በኋላ አስጠራኝ። ላብ በላብ ነው።

«ስብሰባ ይጠራ። ግን ምርጫ አይባልም። የማጽደቂያ ስብሰባ ነው።»

«ምርጫ ምርጫ ነው የሚባለው።»

«ጋሽ መኮንን፣ እባክዎ!»

እባክዎ ሲለኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። አሰብኩበት። ቃሉን ለቀቅሁለት፤ ነገሩን ያዝኩ። ሁለት ዕጩ ይቆማል፣ ሰው ከፈለገው ኋላ ይሰለፋል፣ ካድሬው ሰልፉ ፊት አይቆምም። ተስማማ። ለእኔ ዓይነት ሰው ቃል መልቀቅ ጥርስ እንደ መነቀል ነው። ተነቀለ፤ አልሞትኩም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ጠዋት ሰማዩ ጠራ። ሁለቱ ሰልፎች እንዳይቀላቀሉ መካከል ላይ አመድ አስፈሰስኩ። መስመሩ ጠመመ፤ አስጠርጌ እንደገና አስፈሰስኩ። «መስመር ነው ወይስ ሰርግ?» አለኝ አንድ ሽማግሌ። ይሳቁ።

ባሻ ዋሴና አዱኛ ፊት ለፊት ቆሙ። ሰው ተንቀሳቀሰ። የአዱኛ ሰልፍ ከራኩባው ወጥቶ፣ ገበያውን አቋርጦ፣ ወደ ወንዙ ቁልቁል ወረደ። ከባሻ ዋሴ ኋላ አማቾቹ፣ የነጋዴዎቹ ዘመዶችና የካድሬው ሾፌር ቆሙ። ባሻ ዋሴ ሰልፉን ዞሮ አይቶ አማቾቹን «እናንተ ደግሞ ምን አደረግኋችሁ?» አላቸው። ተስፋሁን ራሱ ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን አስታውሶ ተኮሳተረ። ማኅተሙን ግን መታ። በዓይኔ አየሁ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ አልተነሳሁም።

ያ ጋዜጠኛ መጥቶ ነበር፤ ዜና ስጡኝ ብሎ ከቢሮዬ ገባ። ጮኽኩበት። ሲበቃኝ ጻፍ አልኩት፤ አዱኛ በአብላጫ ድምፅ ተመረጠ።

«በሙሉ ድምፅ ብንለውስ፣ ጋሼ? አለቆቼ አብላጫ የሚለውን አይወዱም።»

«አማቾቹን የት ታደርጋቸዋለህ?»

ማታ በሬዲዮ ምንም አልተነገረም። ባሻ ዋሴ የወረደበት ዜና የለም፤ አዱኛ የወጣበትም። ተነስቼ ዘጋሁትና ጥሩ እንቅልፍ ልተኛ ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

ትራክተሩ ከትናንት ጀምሮ የገበሬውን መሬት ያርሳል። ይህን ስጽፍም ድምፁ ይሰማኛል።

ዛሬ ከቀትር በኋላ አዱኛ እትዬ ደብሬንና ብዙ ሰው አስከትሎ ቢሮዬ ገባ። የመጡት ለምስጋና መስሎኝ ወንበር አቀረብኩ።

«መጋዘንዎ ውስጥ የሰሊጥ ዘር አለ» አለ አዱኛ። ሰላምታም የለው።

«አለ። ማከፋፈያ ደብዳቤው ከጎንደር አልመጣም።»

«ደብዳቤው እስኪመጣ ዝናቡ ይጠብቀናል?»

«ሥርዓት አለ! ያለ ደብዳቤ አንዲት ፍሬ አትወጣም! ባለፈው የቆምኩላችሁ እኔ አይደለሁም?»

«ቆመውልናል፤ እግዜር ይስጥልን» አሉ እትዬ ደብሬ። ከዚያ ሁሉም መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እናቶቹ ልጆቻቸውን ማጥባት ጀመሩ። ብዙ ተናገርኩ።

«ተቆጥተው ሲጨርሱ ቁልፉን ያቀብሉን» አለኝ አዱኛ።

ባለጌ! የገዛ አመዴ ላይ ያሰለፍኩት ሰው! ግን ዘር የሚበሰብሰው መጋዘን ውስጥ እንደሆነ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። መጋዘኑን ከፈትኩ። እያንዳንዱን ጆንያ አስፈርሜ አወጣሁ፤ አንዱ ፊርማው ግልጽ አይደለም ብዬ ደግሞ አስፈርሜዋለሁ።

ጎንደር ሲሰሙ ምን ይሉኝ ይሆን? ዶሴው እንደሚወፍር አልጠራጠርም። ያለ ፈቃድ ለምን ከፈትህ ቢሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ የተመረጠ ሰው አዘዘኝ።