አዲስ አበባ የት እንረፍ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ መሐል ሜዳ

ሐሙስ ልጆቹን ይዘን አዲስ አበባ እንገባለን፤ ትንሿ ልቧን ልትታይ ነው። ባሌ ዛሬ እዚያ ለሚኖረው ወንድሙ ደወለ። ወንድሙም "ቤታችሁ እያለ የምን አልጋ መከራየት ነው?" አለ። ግን ስልኩን ለሚስቱ ሳያቀብላት ዘጋው። ሌላ ጊዜ እሷ እኔን ሳታናግረኝ፣ የልጆቹን ደህንነት በየስማቸው ሳትጠይቅ ስልክ አይዘጋም ነበር። ገባኝ። የሚኖሩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ እነሱም ልጆች አሏቸው።

"አልጋ እንያዝ" አልኩት።

"ወንድሜ እያለ? አገር ምን ይለኛል?" ብሎ ተቆጣ።

የሱፍ ባናችንን ጠቀለልኩ። መሬት ላይ ቢያነጥፉልንም ይሞቀናል።

ትንሿ ለካ ስንጨቃጨቅ ትሰማ ኖሯል። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ እኔ ሆስፒታል ከተኛሁ እኮ ቤቱ ይበቃችኋል" አለችኝ።