ሙሽራዬን የሰው ሰርግ ላይ የጣለው አቋራጭ

ለደጋማ ቀበሌዎች የካርታ ፋይል ማስቀመጫ ማእከል
ለክቡር ኃላፊው
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? የጓሳ ብርድ ጉልበትዎን ሳይዘው፣ ጉሙም ዓይንዎን ሳይጋርደው ውለው እንዲያድሩ ምኞቴ ነው። እኔ ከባለቤቴ ጋር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። «ከባለቤቴ ጋር» ብዬ ለመጻፍ የበቃሁት ግን በማእከልዎ እርዳታ ሳይሆን ከማእከልዎ እርዳታ ተርፌ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን አገር በሚያነበው ደብዳቤ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። መንዝ፣ ሞላሌ ላይ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በየስልኩ ያለው ካርታ ጓሳ የተባለውን ደጋማ የሣር አምባችንን አንድ አረንጓዴ ጨርቅ አድርጎ ስለሚያሳየው፣ ሁለት በጋ በእግርና በፈረስ እየዞርኩ የእግር መንገዱን፣ ምንጩን፣ ይልቁንም ሰው የሚበላውን ገደል እየመዘገብኩ ያለ ኔትዎርክ የሚከፈት ካርታ ሠራሁ። የሰርጌ ጊዜ ሲቃረብ አክስቴ እትዬ ጠጄ የቀሚስ ፎቶ በላይ በላዩ እየላኩ ስልኬን «ቦታ የለም» አሰኙት። ማእከልዎ ደግሞ «የካርታ ፋይልዎን ያምጡ፤ በአደራ እናስቀምጣለን፤ በፈለጉ ጊዜ ይወስዳሉ» የሚል ማስታወቂያ በበሩ ላይ ለጥፎ ነበር። አመጣሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የመጣው ከዚያች «አመጣሁ» ነው።

አንደኛ፦ ካርታዬን ከስልኬ ወደ ኮምፒውተርዎ ሲያሻግሩ፣ ኮፒ ማድረግ ሲገባዎ ከት አደረጉት፤ በአማርኛ ቆረጡት ማለት ነው። እርስዎ ዘንድ ገባ፣ እኔ ዘንድ አንድም አልቀረም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላልና፣ ስልኬን ከነገመዱ ያቀረብኩልዎ ሞኝ እኔ ስለሆንኩ በዚህ አልወቅስዎም። ሆኖም በእኛ አገር የጓሳ ሳር እንኳ የሚታጨድበት ወቅት አለው፤ ሳይከፈት ማጭዱን ይዞ የገባ ሰው በሽማግሌ ፊት ቆሞ ይጠየቃል። እርስዎ ግን ጓሳን በሙሉ፣ ከነምንጩ ከነገደሉ፣ በአንድ ጣት አጭደው ከምረውታል፤ እስካሁንም የጠየቀዎት የለም።

ሁለተኛ፦ የእጮኛዬ የአፈወርቅ ቤተሰቦች ከጓሳ ማዶ ናቸው። የመኪናው መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ስለሆነ በፈረስ ሊመጣ አሰበ፤ እሱም ሚዜዎቹም ያደጉት ደብረ ብርሃን ስለሆነ አምባውን አያውቁትም። ስለዚህ ዓርብ ዕለት እርስዎ ዘንድ መጥቶ ካርታዬን ወደ ስልኩ እንዲያሻግሩለት በትሕትና ጠየቀ። እርስዎም የሰጡት ካርታውን ሳይሆን፣ በስክሪንዎ ላይ የተቀመጠችውን የካርታውን አቋራጭ ነው። አቋራጭ ማለት፣ እርስዎ ከእኔ በላይ እንደሚያውቁት፣ ፋይሉ የት እንዳለ የምትጠቁም ምልክት ናት፤ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች፣ ከዚያ ስትወጣ ግን ላም አለኝ በሰማይ ናት። አፈወርቅ ግን ከተማ ቢያድግም የመንዝ ሰው ነውና፣ «የጓሳ ካርታ፣ አቋራጭ» የሚለውን ሲያነብ ደስታው ወሰን አጣ። በእኛ ዘንድ አቋራጭ የሚያሳይ ሰው የልብ ወዳጅ ነው። ለሚዜዎቹም «ሰውዬው ካርታ ብቻ ሳይሆን አቋራጩን ጭምር ሰጠኝ!» እያለ እርስዎን ሲመርቅ አደረ።

ሦስተኛ፦ እሑድ ጠዋት ጓሳ በጉም ተሸፈነ። ሙሽራው ስልኩን ቢከፍት «ፋይሉ አልተገኘም» አለው። እርስዎ ዘንድ እንዳይደውል ኔትዎርክ የለም፤ ቢኖርም እሑድ ነው። ሚዜዎቹ መክረው ልጓሙን ለቀቁና ነገሩን ለመሪው ፈረስ ተዉት። ፈረሱ ደግሞ አቶ ፍቅረ ሥላሴ የሚባሉ ሰው በቅርቡ የሸጡት ነበርና፣ ማንም ሳያዘው ወደ ቀድሞ ጌታው ቤት ገሰገሰ። አቶ ፍቅረ ሥላሴ ፈረሱን የሸጡት ለልጃቸው ለአስካለ ማርያም ሰርግ ነው። ሰርጉም ያን ቀን ነበር። የእሷም ሙሽራ ዘግይቶ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ጉም ውስጥ ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ፣ ከነሚዜዎቹ፣ ያውም በገዛ ፈረሳቸው ሲመጣ ማን ምን ይጠይቃል? እልልታው ቀለጠ፤ ዳሱ ውስጥ አስገብተው አስቀመጡት። ሙሽራዋ ወጥታ እሷም እሱም ክው እስኪሉ ድረስ ማንም አልነቃም። ሚዜዎቹ ግን ነገሩ ሳይገለጥ በፊት ጥሬ ሥጋውን ማወራረዳቸውን ባለቤቴ ምሎ ነግሮኛል።

በእኛ ቤትስ? ተረቱ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይላል፤ እኛ ዘንድ በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ወጡም ተሠርቶ፣ ሰርገኛው ጠፋ። ሰርገኛ በር ላይ አግደው የሚዘፍኑት ሴቶች የሚያግዱት ሰው አጥተው የስጦታ ፖስታ ይዘው የመጡትን የመሥሪያ ቤቴን ሰዎች አገዱ። እትዬ ጠጄ «ቀረ፤ ልጁ ቀረ» እያሉ በሹክሹክታ ሳይሆን በጩኸት ያጽናኑኝ ነበር። አባቴ አቶ ወልደ ጻድቅ ወደ በሩ ሲወጡ ሲገቡ ዋሉ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ሌላው ሰው የሚያስበው ስለ መቅረቱ ነበር፤ እኔ የማስበው ስለ ገደሉ ነበር። ገደሉ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ጠርዙ ላይ ተንበርክኬ ምልክት ያደረግሁበት እኔ ነኝ። የእሱ ስልክ ላይ ግን የለም፤ ፍለጋ ለሚወጣ ሰው ልላክ ብል የእኔም ስልክ ላይ የለም። ስእለት ተስዬ በሙሽራ ልብሴ አለቀስኩ። ያን ቀን የተሰማኝን ፍርሃት ለጠላቴም አልመኝለትም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አቶ ፍቅረ ሥላሴ የገዛ ልጃቸውን ድግስ ትተው፣ ባለቤቴን እየመሩ ደጃችን አደረሱት። እሳቸው የያዙት ስልክ መብራት ብቻ ያላት ናት፤ አቋራጩን ግን ያውቁታል።

አራተኛ፦ በማግስቱ ሙሽራ ነኝ ሳልል ማእከልዎ ድረስ መጥቼ ካርታዬን ብጠይቅ፣ ካርታው በጥሩ ሁኔታ መቀመጡን አበሠሩኝ። ለመውሰድ ግን የእኔ መሆኑ እንዲመሳከር የካርታውን ኮፒ ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ። ኮፒ ቢኖረኝ ኖሮ ምን ላደርግ ወደ እርስዎ እመጣ እንደነበር ብዙ አሰብኩ፤ አላገኘሁትም።

ቢሆንም ማመስገን አለብኝ። በእርስዎ ቸርነት አዲስ ዘመድ አፍርተናል፤ አስካለ ማርያም ባሌን ባየችው ቁጥር «የቀድሞ ሙሽራዬ» እያለች ትስቃለች። ክረምቱ ሲገባ ግን ጉሙ ይመለሳል፤ ማስታወቂያዎን አንብቦ አደራ የሚሰጥዎ ሌላ ሰው ይኖራል፤ ፈረሱ ሁሉ ደግሞ የድሮ ጌታ የለውም። ስለዚህ ካርታዬን ይመልሱልኝ። ከፈለጉ ለራስዎ አንድ ኮፒ ያስቀሩ፤ እኔ ስሰጥ እንደ እርስዎ ቆርጬ አልሰጥም።

ለከበረው አገልግሎትዎ ራሴን ዝቅ፣ ስልኬን ግን ከፍ አድርጌ የያዝኩ፣

አክባሪዎ
ፅዮን ወልደ ጻድቅ
የታጨደው ካርታ ባለቤት፣ ዘግይታም ቢሆን ሙሽራ

ግልባጭ፦
ለአቶ ፍቅረ ሥላሴ የቀድሞ ፈረስ፣ ከምስጋና ጋር

ማሳሰቢያ፦ ለደብዳቤዬ መልስ ይሰጡኛል ብዬ አልጠብቅም፤ በመጪው እሑድ ወላጆቼ ቤት በሚደገሰው መልሳችን ላይ ግን እርስዎን በክብር እጠብቃለሁ። ጉም ቢሆን እንኳ አይስጉ፤ የቤታችን ካርታ እዚያው ኮምፒውተርዎ ውስጥ አለ። አቋራጩን ይዘው ይምጡ።