የዘነቡ ፈትል

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ቆቦ፣ ሸማኔው አያ ይመር ቤት ደርሼ መጣሁ። ለወንድሜ ጋቢ የፈተልኩትን ሰኞ በባጃጅ ልኬለት ነበር። ጎረቤቴ ዘነቡም በዚያው ባጃጅ የራሷን ልካለች። አያ ይመር የቱ የማን እንደሆነ ጠፍቶበት «ነይና ለዪልኝ» ብሎ ደወለ።

ሁለቱንም ፌስታል ፊቴ ዘረገፈው። የእኔን ወዲያው አወቅሁት፤ አንዳንድ ቦታ ወፈር ወፈር ይላል። የዘነቡ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ። ይህች ሴት ከዋጃ ከመጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነው። እኔ እንዝርት ከያዝኩ ሠላሳ አለፈኝ። እንዲያው እጇን ምን ብትቀባው ነው?

«የትኛው ነው ያንቺ?» አለኝ።

እጄ ወደ ዘነቡ ልቃቂት ሄደ። «ይሄ» አልኩት።

በጣቶቹ መሃል አሸት አሸት አደረገውና ፈገግ አለ። «እሰይ! ዘንድሮስ እጅሽ ተፍታቷል። ያምናው እየተበጠሰ አሳሬን ነው ያሳየኝ። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።»

እዚያው ፊቴ ፈትሉን ለሽመና ማዳወር ጀመረ።

ወንድሜ ለገና ይለብሰዋል፤ «እህቴ ናት የፈተለችልኝ» እያለ ለሰው ሁሉ ያሳያል። ዘነቡም የእኔ ፈትል ተሸምኖ ይደርሳታል። ገና ስትዳስሰው የማን እንደሆነ ታውቃለች። ከእኔ በቀር እንዲያ የሚፈትል በሰፈሩ የለማ።